የእህቴን ጀሪካን ከመስታወት ሳጥኑ ስለማስመለስ

ለክቡር የመጪው ዘመን የኃይል ዝግጅት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ጓሮ ሆኖ ለሚያጓራው ጄኔሬተርዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከዋናው በርዎ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ። ምናልባት አያውቁኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ዘወትር ከመኪናዎ ሲወርዱ ስለማይዎት የሱሪዎ የግራ እግር ከቀኙ አንድ ጣት ያህል እንደሚረዝም አውቃለሁ፤ ይህንንም የማነሳው በጉርብትና እንጂ በክፋት አይደለም። ስለ ጄኔሬተርዎ ጤንነት ደግሞ እኔው ራሴ ምስክር ነኝ፤ መብራት ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን መብራት እያለም ድምፁን እሰማዋለሁና። ጥበቃዎ እንዳስረዱኝ መብራት እያለ የሚነሳው እንዳይዝግ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ነዳጅ አያልቅም ብዬ ልከራከርዎ አይደለም። ያልቃል። ጽሕፈት ቤትዎ በጠራው ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ ባለሙያዎ በሰሌዳው ላይ የሣሏትን ጉብታ በደንብ አይቻታለሁ። እርሳቸው እንዳስረዱን የሰው ልጅ ነዳጅ ሲያወጣ ሲያወጣ ዳገቱን ይጨርስና ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው፤ ጭንቁም የሚጀምረው ጨርሶ ሲያልቅ ሳይሆን ቀላል ቀላሉ ተቀድቶ ከባድ ከባዱ ሲቀር ነው። ነገሩ ገብቶኛል፤ እኔም ጣቃው ሊያልቅ ሲል መቀሴን የምይዘው ቀስ ብዬ ነው። ጉብታዋን በብጫቂ ወረቀት ገልብጬ ለታላቅ እህቴ ወሰድኩላት። እርሷም ከፍራሿ ሥር ሐኪሟ የሰጧትን የትንፋሽ ምርመራ ወረቀት አወጣችና ከጎኑ ብታስቀምጠው ሁለቱ ቁርጥ አንድ ሆኑ። «ይሄማ የኔ ሳንባ ነው፤ ከየት አገኙት?» አለችኝ።

እህቴን ላስተዋውቅዎ። ዕድሜዋን ስልክ ቤት ተቀምጣ የሰው መስመር ስታገናኝ የኖረች፣ ጡረታ ከወጣች በኋላም ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ከማን እንደታረቀ ከሁሉ ቀድማ ስለምታውቅ ሠፈሩ «ማዕከል» እያለ የሚጠራት ሴት ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እርሷ ስለሆነች ዛሬም ጢሜ ሸብቶ «አንተ ልጅ» ነው የምትለኝ። አሁን ከሱቄ በስተኋላ ባለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አፍንጫዋ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አድርጋ ትኖራለች፤ አልጋዋ አጠገብ የቆመው ማሽን አየሩን እያጣራ ይሰጣታል። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ ያለችው ትንሽ ጄኔሬተር ትነሳለች፤ ጄኔሬተሯ ቤንዚን ትፈልጋለች፤ ቤንዚን ያለው ማደያ ነው፤ ማደያው ወረፋ ነው፤ ወረፋው ደግሞ የሚያዘው በጀሪካን ነው። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የሌላው ሰው ትንፋሽ ከአፍንጫው ይጀምራል፤ የእህቴ ትንፋሽ ግን ከጀሪካኗ ነው የሚጀምረው።

ቅሬታ ብዬ እንዳላስቀይምዎ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቀለሙ። በእኛ ሠፈር ሰው ሥራውን ጥሎ ማደያ ደጃፍ መዋል ስለማይችል በእርሱ ፈንታ ጀሪካኑን ያቆማል። ጀሪካን ከቆመ ባለቤቱ ቆሟል ማለት ነው፤ ጀሪካን ሲንቀሳቀስም ባለቤቱ ወደፊት ተራምዷል ማለት ነው። ማንም የማንን ጀሪካን አይስተውም፤ የዳቦ ጋጋሪዋ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረው ቢጫ ነው፣ የባለ ሚኒባሱ አፉ የተለበለበው ነው፣ የእኛ ደግሞ ከአባታችን የተረፈው፣ ጎኑ የተጨረማመተው፣ እጀታው እህቴ ድሮ ትለብሰው ከነበረ የአበባ ቀሚስ በተቀደደ ጨርቅ የተጠመጠመው የብረት ጀሪካን ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው «ዳኛው» የምንለው ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ሲሆን፣ ከበርጩማው ላይ ሆኖ የሚያየው ጀሪካን እንጂ ሰው አይደለም፤ የገዛ አማቹን እንኳ፣ ጀሪካን ሳያሰልፍ ስለመጣ፣ ባዶ እጁን መልሶታል። ታዲያ ትላልቅ እንግዶች ማደያውን ሊጎበኙ ነው ሲባል፣ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንደሚባለው፣ የጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች የወረፋችን መልክ አላማረንም ብለው ጀሪካኖቹን በሙሉ በመኪና ጭነው ወሰዱና አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም ቀብተው መለሱልን።

የተስፋ ቀለም በመሆኑ እናመሰግናለን። እርግጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ የማን ጀሪካን የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ዳቦ ጋጋሪዋ የራሷን ለማግኘት በየጀሪካኑ አፍ አፍንጫዋን ስትሰካ ዋለች፤ አንዱ እየነቀነቀ፣ ሌላው እየዳበሰ፣ ሦስተኛው ማንንም ሳይጠይቅ ከፊት ያለውን የእኔ ነው እያለ፣ በአንድ ጀንበር ስንት የከረመ ወዳጅነት ፈረሰ። እህቴ ማን ከማን እንደተጣላ ለመከታተል እንኳ መስመር አልበቃትም። የእኛ ጀሪካን ግን ከተመለሱት ውስጥ አልነበረም። ዳኛውን ሄጄ ብለምነው «አንተን አይቼሃለሁ፤ ጀሪካንህን ግን አላየሁትም። ቤንዚን ባንተ ሊቀዳ ነው እንዴ?» አለኝ። ሕግ ነውና አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ።

ሁለተኛ፤ በገዛ እጅዎ ስለመቅዳትዎ። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ፣ ከኤግዚቢሽኑ ምረቃ በኋላ በበርዎ ላይ ከተለጠፈው ትልቅ ፎቶግራፍ ነው። ለካስ የእኛ ጀሪካን የተጨረማመተና ያረጀ በመሆኑ ታሪካዊ ሆኖ ስለታየ፣ ቀለም ሳይነካው ለብቻው ተመርጦ ኖሯል። ለእኛ ሲሆን «የለም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማያውቀው ማደያም እንግዶቹ በቆሙበት ሰዓት ቤንዚን ተገኝቶለት፣ እርስዎ እጅጌዎን ሰብስበው፣ ቀጂውን ገለል አድርገው፣ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልተው፣ ስለ መጨረሻው ዘመን መጨረሻ ጀሪካን ንግግር አድርገው ወደ መኪናዎ አስጫኑት። ክቡር ሆይ፣ የእህቴን ጀሪካን ያለ ወረፋ በገዛ እጃቸው የሞሉላት ብቸኛው ባለሥልጣን እርስዎ ነዎት። ይህን ውለታ ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ መርቃዎታለች፤ ምርቃቱን ሙሉ በሙሉ ባልሰማውም።

ሦስተኛ፤ ስለ መጋረጃው። በዚያው ሰሞን አንዲት ጸሐፊዎ ወደ ሱቄ መጥታ ለአንድ የኤግዚቢሽን ሳጥን መሸፈኛ የሚሆን ቀይ የከፋይ መጋረጃ እንድሰፋ አዘዘችኝ። የስፌት መኪናዬ በእግር የምትረገጥ ስለሆነች ከመጪው ዘመን የምትፈራው ነገር የለም፤ ከጉልበቴ በስተቀር። ጀሪካናችን መጥፋቱ እያብከነከነኝ፣ ማን ወሰደው እያልኩ፣ መኪናዋን እየረገጥኩ ሰፋሁት። በምረቃው ቀንም መጋረጃው ሲወርድ ጠርዙ ይጠመዘዝ እንደሆነ ለማየት ከሰው ኋላ ቆምኩ። ጠርዙ አልተጠመዘዘም። እርስዎ ገመዱን ሳብ ሲያደርጉ ከፋዩ እንደ ውኃ ፈሰሰና በመስታወቱ ውስጥ የአባቴን ጀሪካን አየሁት፤ እጀታው ላይ የእህቴ ቀሚስ አበቦች፣ ከሥሩ ደግሞ «ባዶ ጀሪካን፤ የሚያልፈው ዘመን መታሰቢያ» የሚል ጽሑፍ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ከሰው እጅ ጋር ሄደብኝ።

አራተኛ፤ ይህን ነጥብ እህቴ አንብባ «ስለ እናታቸው የተነሳው ይውጣ» ስላለች አውጥቼዋለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ መብራቱ። ጭብጨባው ሳያባራ መብራት ጠፋ። ወዲያው የጓሮው ጄኔሬተርዎ ተነስቶ አዳራሹ ተመልሶ በራ፤ እርስዎም ፈገግ ብለው ዝግጁነት ማለት ይህ ነው እንዳሉና ሁለተኛ እንደተጨበጨበ በኋላ ሰምቻለሁ። እኔ ያን ጊዜ የእህቴ ሕንፃ ደረጃ ላይ ነበርኩ። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በጨዋ ደንብ ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ፈርቼ እንደነበር ሳልሸሽግ ልንገርዎ። በጣም ፈርቼ ነበር። ስደርስ የበረንዳዋ ጄኔሬተር ታንከሯ ውስጥ የቀረውን ጠብታ ልሳ ዝም ብላለች። እህቴ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ዕድሜ ልኳን የሰውን ወሬ ለሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት አንድ ቃል ማውጣት አቅቷት በዓይኗ ብቻ ታየኝ ነበር። መስኮቱን ከፍቼ ወደ ታች ጮህኩ።

መጀመሪያ የደረሰው ባለ ሚኒባሱ ነው። ጥያቄ ሳያበዛ ከመኪናው ታንከር ውስጥ ቱቦ ከትቶ በአፉ ሳበ፤ ግማሹን የዋጠው መሰለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስለው ውሏል። ዳቦ ጋጋሪዋ ለራሷ ያስቀመጠቻትን በውኃ ጠርሙስ ይዛ በዱቄት እጇ መጣች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ ጉልበቱን የሚያመው፣ ከበርጩማው ላይ ለማንም የማይነሳው ዳኛው የራሱን አረንጓዴ ጀሪካን ተሸክሞ አራቱንም ፎቅ ወጣ። ደጃፉን ተደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስለት ከቆየ በኋላ «ወረፋ ሌላ፣ ሰው ሌላ» ብሎ ቤንዚኑን ገልብጦልን ባዶውን ይዞ ወረደ። ማሽኑ ተነስቶ የእህቴ ከንፈር ቀስ በቀስ መልኩን ሲመልስ፣ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ዳኛው ደረጃ ወጣ? እንግዲያውስ እውነትም ነዳጅ ሊያልቅ ነው» የሚል ነበር። ሳቅኩ፤ ከዚያ በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ።

ሆኖም ክቡር ሆይ፣ ባለሙያዎ ስለ ጉብታዋ ያሉት የሰው ደግነትም ላይ ይሠራል። ቀላሉ ተቀድቷል። ባለ ሚኒባሱ ለእኛ በቀዳው ምክንያት በማግሥቱ ሥራ ሳይወጣ ዋለ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ሊጥ አቡክታ ምድጃዋን የምታስነሳበት አጥታ ሊጡ ኮመጠጠባት። ማንም አላማረረም፤ እኔ ግን ደጃፋቸውን ሳልፍ ፈጠን እያልኩ ነው። መብራት ደግሞ እንደሚያውቁት ሲሄድ ተሰናብቶ አይሄድም። አንድ ቀን ይሄድና፣ እኔም በመስኮት እጮህና፣ ከታች ያለው ሰው ሁሉ ለራሱ እንኳ ያልተረፈው ይሆናል። ያኔ ደረጃውን የሚወጣ አይኖርም።

ስድስተኛ፤ ስለ መስተንግዶው። ጀሪካኑን እንዲመልሱልኝ በቃልም በማመልከቻም ብጠይቅ፣ የኤግዚቢሽን ክፍሉ ባልደረባዎ ከወንበራቸው ተነስተው ነው የተቀበሉኝ። አንድ ዕቃ መስታወት ውስጥ ከገባ የትውልድ ቅርስ ስለሚሆን ለግለሰብ ሊሰጥ እንደማይችል፣ ነገር ግን እኔም ሆንኩ እህቴ በሥራ ሰዓት መጥተን ያለ ክፍያ ልንጎበኘው እንደምንችል በትዕግሥት አስረድተውኛል። እህቴ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ እንደማትችል ስነግራቸው ከልባቸው አዝነው የጀሪካኑን ፎቶግራፍ ሰጡኝ። በዚያው አያይዘውም ታማሚዋ ማሽኑን በቁጠባ እንድትጠቀም መከሩኝ። ምክሩን ሳይሸራረፍ አድርሻለሁ። እህቴም በቁጠባ ለመተንፈስ ዝግጁ መሆኗን ገልጻ፣ ነገር ግን «ትርፉን የት ላስቀምጥላቸው?» ብላ ጠይቃለች፤ መልስዎን እንጠብቃለን።

እንግዲህ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚሉ አሉባልተኞች በሠፈሩ ቢኖሩም፣ እኔ የጽሕፈት ቤትዎን ችግር እረዳለሁ፤ መስታወቱ ባዶውን ሊቀር አይችልም። ስለዚህ መፍትሔ ይዤ ቀርቤያለሁ። እህቴ ያን ጫፉ የተቀደደ የአበባ ቀሚስ እስከ ዛሬ አጣጥፋ አስቀምጣው ነበር፤ ከእንግዲህ አልለብሰውም ብላ ሰጠችኝ። ከወፍራም ሸራ ሌላ ጀሪካን ሰፋሁ። ውስጡን በብጥስጣሽ ጨርቅ ሞላሁት፣ ጎኑን እንደ ዋናው አጨረማመትኩት፣ የዝገቱን ቀለም ቀባሁት፣ እጀታውን በቀሚሱ ቅዳጅ ጠመጠምኩት። ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና ከአባታችን ጀሪካን አይለይም፤ እህቴም ስታየው እጀታውን በጣቷ ዳብሳዋለች። በመስታወት ውስጥ ቢቀመጥ ለመታሰቢያነት የሚጎድለው ነገር የለም፤ እንዲያውም ጽሑፉ ባዶ ስለሚል ለእውነቱ የሚቀርበው ቤንዚን የማይገባበት የእኔው ነው።

ዳኛው ይህን የጨርቅ ጀሪካን አገላብጦ አየውና፣ ሕጉ ጀሪካን ይቁም ይላል እንጂ ከምን ይሠራ አይልም ብሎ ወረፋው ውስጥ አሰለፈልኝ። በዚያ ሁሉ አረንጓዴ መካከል ከሩቅ የሚለየው የእኛ ብቻ ስለሆነ ልጆች ሊያዩት ይመጣሉ። ወረፋው እንደ ወትሮው እየተንፏቀቀ ነው፤ ከፊታችን ያሉት ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ የጨርቅ ጀሪካን ቦታ ይይዛል እንጂ ቤንዚን አይዝም፤ ሌላ ጀሪካን ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ተራችን ደርሶ ቀጂው የቱቦውን አፍ ወደ እኔ ሲያዞር የምዘረጋለት ነገር ይኖረኝ ዘንድ፣ ያ ቀን ሳይደርስ ሁለቱን ጀሪካኖች እንድንለዋወጥ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ቅያሬውን እኔው በጀርባ በር ላደርሰው እችላለሁ፤ ማንም አያይም፤ የትውልዱም ቅርስ አይጓደልም። በተጓዳኝ የሱሪዎን የግራ እግር እዚያው ቆመው ሳለ አስተካክልልዎታለሁ።

ለነገ ያለዎት አሳቢነት ለዛሬም ጥቂት እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ ጄኔሬተርዎ አይዛግ፣ መጋረጃዎ አይጠመዘዝ፣ ትንፋሽዎ ያለ ወረፋ ይግባ ይውጣ እያልኩ፣ ከልብ የመነጨ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ከበርዎ ፊት ለፊት ያለው፣ በእግሩ የሚሠራው፣
የማዕከል ታናሽ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፤

ደብዳቤውን ካጠፍኩ በኋላ እህቴ አንድ ነገር አስታወሰችኝ። ጀሪካኑን እስከ አፉ የሞሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ከማደያው ወደ መኪናዎ፣ ከመኪናዎ ወደ መስታወቱ እንደገባም በፎቶግራፍ ተመዝግቧል፤ በመካከሉ ቤንዚኑን ያፈሰሰ ሰው ግን አላየንም፣ አልሰማንምም። ይኸው እስከ ዛሬ ባዶ የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ተለጥፎ ቁጭ ብሏል። እኚያ ደግ ጥበቃዎ ደግሞ ሱቄ ሆኜ በተከፈተው በር እንደማያቸው ሲጋራቸውን የሚለኩሱት ነፋስ ስለማያገኛቸው ከዚያ ሳጥን ጀርባ ተጠግተው ነው። እህቴ «ዝም በል አንተ ልጅ፣ ለሚመጣው ሁሉ ተዘጋጅተናል ይሉ የለ» ብላኝ ነበር፤ በኋላ ግን ጥበቃው ልጆች እንዳሏቸው ስለምታውቅ እርሷው ራሷ ጻፍላቸው አለችኝ። ስለ እኛ ሲሉ ባይሆን እንኳ ስለ እርሳቸው ሲሉ ጀሪካኑን ያስወጡልን። ሲያስወጡትም እባክዎ በሁለት እጅ ይያዙት፤ ሙሉ ነው።